ምን ምን ይላል?

ኅዳር 14

ብርዱ ገባ። የካፖርቴ ዚፕ ዛሬ ጠዋት እጄ ላይ ቀረ። በመርፌ ቁልፍ አያይዤው ወጣሁ... ምን ይደረግ።

ዳቦ ቤቱ ግን ይሞቃል። መስታወቱ በእንፋሎት ታፍኖ ከውጭ ምንም አይታይም። ይሄን ሰዓት ነው የምወደው። አለቃ የፈረንጆቹን ገና የሥራ ድልድል ግድግዳው ላይ ለጥፎታል፤ የኮከብ ብስኩት፣ የዘቢብ ኬክ፣ የለውዝ ብስኩት። ምድጃው ላይ «አፍንጫ» ይላል። እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ስሜ ይሄ ነው። ትሪውን ሰዓት አይቼ ሳይሆን አሽትቼ ስለማወጣ። አዲስ ጆንያ ሲፈታም መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነኝ። አለቃ የራሱን አፍንጫ በሲጋራ ከገደለው ቆይቷል።

እንግዲህ «አፍንጫ» መስከረም ላይ ጉንፋን ይዟት ነበር። ጉንፋኑ ሲሄድ ሽታን ይዞት ሄደ። ቀረፋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ጭስ የለ። ለማንም አልተናገርኩም። ሰዓት የሞላሁበት ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ትሪ አወጣለሁ።

«አፍንጫ ዛሬም አልሳተችም!» አለ አለቃ። ይበል። ዘጠኝ ዓመት በሽታ ሠራሁ፣ አሁን በሽታ ሆነብኝ። ሲጻፍ አንድ ነው።

ኅዳር 17

እረፍት። ከሚጢ ጋር ኬክ ጋገርን። ልጄ አሥር ዓመቷ ነው፣ ሰው አገር ያደገ አማርኛዋ ግን አራት ቢሆነው ነው።

«ምን ምን ይላል?» አልኳት የምድጃውን በር ገርበብ አድርጌ።

«ማን?»

«ኬኩ።»

«ኬክ ያወራል እንዴ?»

አስረዳኋት። ቀረፋ ያለበት ቀረፋ ቀረፋ ይላል፤ ጭስ የነካው ጭስ ጭስ ይላል። ገባት። ከዚያ ማን ይያዛት! ቤቱን በአፍንጫዋ ዞረችው። ሶፋው አቧራ አቧራ ይላል። መጋረጃው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። የሥራ ጫማዬ ጋ ስትደርስ ወደኋላ ዘለለች፤ «እማዬ፣ ይሄ አይልም፣ ይጮኻል!» በሳቅ ሞትኩ።

ውሃ በብርጭቆ ሰጠኋት። አሽትታ አሰበች።

«ይሄ ዝም ይላል።»

ዝም ይላል... ልክ ነሽ ልጄ። ሁሉም ዝም ካለኝ ሁለት ወሬ ነው። ጨዋታ እንደመሰላት ተውኳት።

እኔ ዕቃ ሳጥብ ከምድጃው ፊት ቁጭ ብላ፣ «አሁን ጥቁር ጥቁር ይላል» አለች። ጥቁር ደግሞ ምን ሽታ አለው ብዬ አልዞርኩም። ጭሱን በዓይኔ ሳየው ነው የደነገጥኩት። ለካ «አረረ» የሚለውን ቃል አታውቀውም። ከየት ታውቀዋለች? እኔ ቤት ምን አርሮ ያውቃል?

ቅርፊቱን ገፍፈን መሃሉን በላን። ለሷ ጣፈጣት። ለኔ ያው እርጥብ ካርቶን ነው።

ኅዳር 22

ሐኪም ቤት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከኔ ይልቅ ኮምፒውተሩን ያያል። ትናንሽ ጠርሙሶች አፍንጫዬ ሥር እያስጠጋ «ይሄስ? ይሄስ?» ምንም። ምንም። አንዱ ላይ «ሎሚ?» አልኩ፣ ገምቼ። ቀና ሳይል ጻፈ። ሎሚ አልነበረም ማለት ነው።

«ነርቩ ነው። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ጋጋሪ ነኝ።»

ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። አዘነልኝ። ማዘኑ ነው ያስፈራኝ።

ኅዳር 23

እትዬ ጋ ደወልኩ። ታላቅ እህቴ ናት፣ ለሷ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

«ነጭ ሽንኩርት ላጥ አድርገሽ አፍንጫሽ ውስጥ ክተቺ።»

ከተትኩ። አቃጠለኝ፣ አስነጠሰኝ፣ አስለቀሰኝ። አልሸተተኝም። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል የሚሉት ይሄን ኖሯል።

«ለአለቃሽ ንገሪው» ትላለች ደግሞ። በበዓል ሰሞን? አፍንጫ የሌላት አፍንጫ ምን ትሠራለታለች? አውጥቶ ይጥለኛል። «እግዜር ያውቃል» አለች። እግዜር ካወቀ ይበቃል፣ አለቃ ባያውቅም ይቅር።

ኅዳር 27

አልተመለሰም።

ታኅሣሥ 1

መንገዱ ላይ መብራት ሰቀሉ። ሚጢን ከትምህርት ቤት ሳመጣ የሱቁን መስኮት ሁሉ እየቆምን አየን። አንዱ መስኮት ውስጥ የወረቀት ኮከቦች በክር ተንጠልጥለው ይዞራሉ። ሚጢ አፏን ከፍታ ቀረች። ትኩስ ወተት በማር ገዝቼላት በሁለት እጇ ይዛ እየጠጣች... ልቤ ትንሽ ደስ አለው። ትንሽ።

መብራቱ ሲሰቀል ግን ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው ፌስታል ትዝ ይለኛል። የሚጢ አባት ጃኬት ነው። ከሞተ ሰባት ዓመቱ። የጭነት መኪና ነጂ ነበር፣ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው፤ በዓል ሲደርስ ብቻ በዋዜማው ይገባል። ሲሞት ጃኬቱን ሳላጥብ በፌስታል ቋጠርኩት። በየዓመቱ በዋዜማው ሚጢ ከተኛች በኋላ እፈታዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ በረጅሙ እስብና ቶሎ አስረዋለሁ፣ እንዳያልቅብኝ። ናፍጣ ናፍጣ፣ ሲጋራ ሲጋራ፣ ከሥር ደግሞ እሱ እሱ ይላል። አምና ቀነስ ብሎ ነበር። ግን ነበር።

ዘንድሮ ምን ልታደርጊ ነው፣ አንቺ ሴትዮ?

ታኅሣሥ 6

ዛሬ ዋሸሁ። እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ የት እጽፈዋለሁ።

የለውዙ ጆንያ ተፈታ። «አፍንጫ! ነይ እስቲ።» ሄድኩ። ጎንበስ አልኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ድሮም እጨፍናለሁ። ሳብኩ። ዝም ይላል። ራሴን ነቀነቅኩና «ጥሩ ነው» አልኩ። እንዴት በቀላሉ ወጣኝ!

ስድስት መቶ የለውዝ ብስኩት ለአረጋውያኑ መኖሪያ። የስኳር ዱቄት በወንፊት ነሰነስኩባቸው። ሲያዩዋቸው ያምሩ ነበር። ማሸጊያ ላይ ያለችው ያገሬ ልጅም አልቀመሰችም፣ ስኳር አለባት። አሸገችው፣ ሄደ።

ጥሩ ይሆናል። ለውዝ ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ተኚ አሁን።

ታኅሣሥ 8

ተመለሰ። ሳጥኑ በሙሉ። አንዲት አሮጊት ነክሰው «ሊገድሉን ነው እንዴ?» አሉ አሉ።

አለቃ አንዱን ገመጠና ተፋው። ያገሬ ልጅ ሳጥኑን ከፍታ አሸተተችና «ውይ! የከረመ ዘይት ዘይት ይላል!» አለች። ወዲያው ፊቴን አይታ ደነገጠች። «ከላይ ደህና ሆኖ ከሥር ተበላሽቶ ይሆናላ፣ እሷ ምን ታድርግ...» እያለች ልታድነኝ ሞከረች። ነፍሷን ይማረው፣ በቁሟ።

«ይሄን አሽትተሽ ነው ጥሩ ነው ያልሽኝ?» አለ አለቃ።

ጆንያው ነው ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አሮጊቷ ታዩኝ፣ ዓመት የጠበቁትን ብስኩት ሲተፉ።

«ከመስከረም ጀምሮ አይሸተኝም» አልኩ።

አልጮኸም። ቢጮህ በተሻለኝ። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «ሦስት ወር ምድጃ አጠገብ? ጋዝ ቢያፈተልክስ?»

እሱን አላሰብኩትም። እግዜር ያሳይሽ፣ ሰው ልጨርስ ነበር፤ እኔ የማስበው እንጀራዬን ነው።

ታኅሣሥ 9

ማሸጊያ። ግድግዳው ላይ «አፍንጫ» ተሰርዞ የሌላ ሰው ስም ተጽፏል።

ያገሬ ልጅ ሪባን አስተሳሰር አሳየችኝ። ሁለቴ ዙሪያ፣ አንዴ ቋጠሮ፣ በመቀስ ጠርዝ ጭምቅ አድርጎ መሳብ፣ ይጠቀለላል። «አይዞሽ እቴ፣ ሪባን አይሸትም» አለች። ሳቅኩ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 11

ለሚጢ ነገርኳት። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ።

«ምንም? ኬክም?»

«ኬክም።»

«የኔ ፀጉርም?»

«ፀጉርሽም።»

አሰበች። «እኔም ዝም እላለሁ?»

«አንቺ? መቼ ዝም ብለሽ ታውቂያለሽ!» አልኳት። ቀልድ ነበር። ድምፄ ግን መሃል ላይ ተሰበረ፤ አወቀችብኝ። አንገቴ ሥር ገባች። ድሮ ፀጉሯ ምን ምን ይል እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። የሳሙናውን ስም አስታወስኩ፣ ሽታውን አላስታወስኩም።

«ያልሸተተሽን ሸተተኝ አትበይ» አልኳት። «ሰው ደስ እንዲለውም ብለሽ። እናትሽ ብላ ጉድ ሆናለች።»

ታኅሣሥ 13

አለቃ ቢሮው ጠራኝ። ማሸጊያው እስከ ጥር ነው፣ ከዚያ የበዓል ሥራ ያልቃል። «ከተመለሰልሽ ነይ» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን እንደማይመለስ ዓይኑ ያውቃል፣ የኔም ዓይን ያውቃል።

አዲሱ ጋጋሪ ሰዓት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይሠራል። ጥሩ ይሠራል። ምናለ ትንሽ እንኳ ቢያሳርር...

ታኅሣሥ 15

ዋዜማው። ሥራ በግማሽ ቀን ለቀቁን። የተሰበሩ የኮከብ ብስኩቶች በከረጢት ሰጡኝ። ሚጢ በቀለጠ ስኳር አጣብቃ ልትገጥማቸው ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ውጭ መብራቱ በቀን በርቷል። ፀሐይ የለማ።

ፌስታሉን አወረድኩ። ሌላ ጊዜ ተደብቄ ነው፤ ዘንድሮ ብቻዬን ብፈታው ማን ያሸትልኛል?

«የማን ነው?»

«የአባትሽ። አሽትቺልኝ።»

አታስታውሰውም፣ ሦስት ዓመቷ ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች። ቋጠሮውን ፈታሁ። ጭንቅላቷን በሙሉ አስገባች። ቆየች። የፌስታሉን ጫፍ ይዤ ጠበቅኩ።

«ምን ምን ይላል?»

ወጣች። አየችኝ። ከንፈሯን ነከሰች። ልትዋሽ ስትል ትነክሳለች፣ ከልጅነቷ። ዋሺ በይኝ ብላ ዓይኔን የለመነች መሰለኝ። እኔም... እውነት ለመናገር፣ እኔም ልለምናት ምንም አልቀረኝም።

«እውነቱን?» አለች።

«እውነቱን።»

«ፌስታል ፌስታል ይላል።»

«ደግመሽ እይ። ኮሌታው ሥር።»

ደግማ ገባች። እጅጌውን ገልብጣ፣ ኪሱን ገልብጣ። እንዲህ ተጠንቅቃ ስታሸት የድሮዋን እኔን መሰለችኝ።

«እሱም ፌስታል ፌስታል። ይቅርታ እማዬ።»

ምን አጠፋሽና? ጃኬቱን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። «ድሮ ምን ምን ይል ነበር?» አለች። ናፍጣ ናፍጣ አልኳት። ሲጋራ ሲጋራ።

«ሌላስ?»

«እሱ እሱ።»

«እሱ እሱ ምን ዓይነት ነው?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ምን ልበላት? የሚያህለው ነገር የለም። እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው፣ እኔም አሁን አላውቀውም። አለቀ። አምናስ ቢሆን ነበር? ወይስ ያኔም ፌስታል እያሸተትኩ ኖሯል?

ስድስት ኮከብ ገጠምን። አንዱ አራት እግር ብቻ ወጣው፣ ሚጢ እሱን በላችው።

ታኅሣሥ 17

ከበዓሉ ማግስት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ካፖርቴ በመርፌ ቁልፍ አልገጥም አለ። ጃኬቱን ትናንት ከፌስታሉ አውጥቼ በሩ ጋ ሰቅዬው ነበር፤ ለብሼው ቆሻሻ ጥዬ፣ ወተት ገዝቼ፣ መለስ ብዬም ሳላወልቀው ሻይ ጠጣሁ። ከእንግዲህ ለምን ይታሰራል?

ዛሬ ጠዋት ልወጣ ስል ሚጢ በካልሲዋ እየሮጠች መጥታ ደረቴ ላይ ተለጠፈች። አፍንጫዋን ኮሌታው ውስጥ ሰካች። አልጠየቅኳትም። ራሷ ናት።

«አሁን አንቺ አንቺ ይላል» አለች።

ከንፈሯን አየሁት። አልነከሰችም።

እሱ ጨርሶ ወጣ ማለት ነው እንግዲህ... ፀጉሯን ስሜ ዚፑን እስከ አገጬ ሳብኩት። ይሠራል። እጅጌው ይረዝመኛል። ሁለቴ አጥፌው ወጣሁ፣ እስከ ጥር ማሸጊያ አለኝ።