በአባባ በር ላይ ያለው ታፔላ

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? በቴሌቪዥን መድረክ ላይ ስትወጣ እግርህን ስትጎትት አይቻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ልጄ ኤዴምም ደህና ናት፤ ከአንተ ወሬ በቀር ሌላ የላትም እንጂ።

እጩ ፕሬዚዳንታችሁ የሰሜን ሙስሊም ናቸውና ምክትላቸው ሆነህ የምትወዳደረው አንተ ክርስቲያን ካልሆንክ የደቡብ ድምፅ እንደማይገኝ እዚህ ሁሉም ያውቃል። በርበሬ ሻጯ ኢያ ዱኒ፣ ሁለቱም ሙስሊም ከሆኑ ድምፄን ለፍየሌ እሰጣለሁ ብላ ገበያውን አሳቀችው። እኔም ስቄያለሁ። በልጅነትህ ከእማማ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር የተነሳኸውን ፎቶ የፓርቲህ ሰዎች በየግድግዳው ሲለጥፉት ግን ሳቄ ጠፋ።

ማክሰኞ ከገበያ ስመለስ የፓርቲህ ሰው አቶ ኦዬዌሌ ቀለም ቀቢ ይዞ በራችን ላይ ቆሟል። «አልሃጂ ሳላኮ፣ ልብስ ሰፊ» ከሚለው ታፔላ ላይ «አልሃጂ» የምትለው ብቻ በነጭ ቀለም ተሸፍናለች። ታስታውሳታለህ? አባባ ከመካ ሲመለስ ቦታ አጥቶ ጥግ ላይ ያጨናነቃት ቃል ናት።

«እህቴ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት» አለኝ።

«አንዲት ቃል ከሆነች ምን አስፈራችሁ?» አልኩት።

ደንገጥ እንኳ አላለም። ቅዳሜ የሬዲዮ ጋዜጠኛ እንደሚመጣ፣ አባታችን ሊሞት ሲል ክርስትና ተነሳ ብዬ መናገር እንዳለብኝ አስረዳኝ። እምቢ ስለው «ወንድምሽ ተስማምቷል» አለኝ። ቀለሙ አላናደደኝም፤ ይቺ ግን ልቤን ሰበረችው።

እሱ እንደሄደ ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክሬ ቀለሙን ፈተግኩት። ከ«ሳላኮ» ላይ ትንሽ ተፋቀ፤ «አልሃጂ» ግን ወጥታለች። ቅዳሜ ጋዜጠኛውን እዚያው ታፔላው ሥር አስቀምጠዋለሁ። አባባ እሑድ እሑድ እማማን ቤተ ክርስቲያን አድርሶ፣ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዞ ውጭ ይጠብቃት እንደነበር እነግረዋለሁ። ረመዳን ሲገባ እሷ እንደምታበስልለትም እነግረዋለሁ። እኔ የእማማን መንገድ ይዤ ዛሬም እዘምራለሁ፤ አባባ አንድ ቀን ለምን ብሎኝ አያውቅም። በዚህ ምክንያት በምርጫው ከተሸነፋችሁ ተሸነፉ። ስለ አንተ ከጠየቀኝ ግን እሱን ራሱን ጠይቀው እለዋለሁ። አልዋሽልህም፣ አላጋልጥህምም። የቀረውን አንተው በአፍህ ተናገረው።

የእማማ ቀብር ዕለት ለቀስተኛው ምሳ ሲበላ፣ አባባ ለሶላት ይታጠብበት የነበረውን ማንቆርቆሪያ ይዘህ ጓዳ ስትገባ አይቼሃለሁ። በሩን የዘጋሁልህ እኔ ነኝ። እስክትወጣ ድረስ ሰው እንዳይገባብህ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ስትወጣ ግንባርህ ላይ የመስገጃ ምንጣፉ ምልክት ነበር።

አሁን ማንቆርቆሪያውን ከጓዳ አውጥቼ የፊት በሩ ጋ፣ ታፔላው ሥር አስቀምጬዋለሁ። ለጉልበትህ እንዲመችህ የአባባ መስገጃ ምንጣፍ ላይ ከሥሩ ስፖንጅ ሰፍቼበታለሁ። ስትመጣ በፊት በር ግባ።

የእማማም የአባባም ምርቃት አይለይህ።

በርህን የምትጠብቀው ታናሽ እህትህ