ከቦታችሁ እንዳትጠፉ ላሉን ሐኪም

ለተከበሩ ጓድ ዶክተር ይልማ፣ የካንሰርንና የሆድ ሕመምን ምልክት ከሰው ደም ውስጥ ለሚፈልጉት ትልቅ ሰው፤
አዲስ አበባ

ጤናዎ እንዴት ነው? ሆድዎስ ደህና ነው? የበሉት ይስማማዎታል? እኔ አስካለ፣ የበላው ሁሉ ከሚመለስበት ከባለቤቴ ከተሰማ ጋር ሆኜ ከሸዋ ሮቢት እጅ እነሣለሁ። በዕድሜ ልጄ ይሆኑ ነበር፤ ግን የተማሩ ስለሆኑ አንቱ ብያለሁ። የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ መሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠረኝ ለዚህ ቀን ኖሯል። አንዱን ቅጂ ለአንቱ ልኬ ሌላውን ጤና ጣቢያው በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ያነበበ ሁሉ ይመርቅዎታል።

መቼም ምስጋና ይቀድማል። ጥር ላይ በላንድሮቨር መጥተው፣ ሆዱን የሚያመውን ሁሉ ዋርካው ሥር ሰብስበው ደም ሲቀዱን፣ ካንሰር ገና ሳይታይ ደም ውስጥ ምልክት እንደሚተው አስረዱን። ደስ አለን። ተሰማም ክንዱን ዘረጋ። መኪና ሊገቡ ሲሉ ግን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ካሳሁን በቆመበት አንድ ቃል ጣል አደረጉ፤ "እነዚህ ሰዎች ከቦታቸው እንዳይጠፉብኝ፤ ከክረምት በኋላ ሁለተኛ ደም እወስዳለሁ።" አቤቱታዬ የሚነሣው ከዚህች ቃል ነው።

አንደኛ፦ አንቱ እንደ ሐኪም ተናገሩ፤ ካሳሁን እንደ መመሪያ ሰማ። ደም የሰጠ ሁሉ ይለፍ ወረቀት ተከለከለ። ተሰማን ደብረ ብርሃን ወስጄ ላሳክመው ብዬ ብለምነው፣ "እትዬ አስካለ፣ ጋሼ ተሰማ የጥናት ሰው ናቸው፤ ቢጠፉ የምጠየቀው እኔ ነኝ" አለኝ። መቆም ያቃተው ሰው ደግሞ የት ይጠፋል ብዬ ብጠይቀው፣ "ስንቱ ታመምኩ ብሎ ወጥቶ ቀረ" አለኝ። ለተሰማ በስተርጅና ዘበኛ ስላቆሙለት አመሰግናለሁ። በጉልምስናው ጊዜ ብቻዬን ስጠብቀው ስንቴ አምልጦኛል።

ሁለተኛ፦ ደሙ እንዳይበላሽ መድኃኒት አትውሰዱ ብለዋል። የጤና ጣቢያችን ድሬሰር ጌጤ ትእዛዝዎን አክብራ ለቃሩ የሚሆን ነገር እንኳ ነፈገችው። በየሁለት ወሩ የሚጠጣውን ኮሶም እኔው ራሴ ደበቅሁበት፤ የሐኪም ቃል ነዋ! ይኸው ደሙ ጥርት ብሎ ሰውየው አለቀ። በዚህ ቆላ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቦ የመኪና ድምፅ ያዳምጣል። "ዶክተሩ መጡ" ይለኛል። ከአሰብ ነዳጅ የጫነ ቦቴ ነው።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ትንሽ አፈርኩ፤ ግን ከጀመርኩ አይቀር። የተሰማ ደም በረዶ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ ኬላውን ያለ ይለፍ አልፎ አዲስ አበባ ገባ። ባለቤቱ እዚህ ቀረ። ጠርሙሱን ያሳለፉ ሰው ሰውየውን ማሳለፍ ምን ይቸግርዎታል? "ተሰማ ሄዶ ይታከም" የምትል አንድ መስመር፣ ማኅተም ያላት፣ ለካሳሁን ይላኩልን። ምልክቱን ያግኙት አያግኙት፣ እሱን ሲመችዎ ይነግሩናል።

የእውቀትዎ አድናቂ፣ የጥናትዎ እስረኛ ሚስት፣ ከቀበሌዋ ንቅንቅ ያላለች ታዛዥዎ
አስካለ በቀለ
ግንቦት 1975 ዓ.ም.

ሳልረሳው፦ መልስዎ ከዘገየ፣ ለሁለተኛው ደም ሲመጡ ተሰማን ከቤት አይፈልጉት፤ ሚካኤል ግቢ ይጠይቁ። እንዳዘዙት ከቦታው አይጠፋም። መርፌዎን ብቻ ረዘም ያለ ይዘው ይምጡ።