ከእኔ ያልያዘሽ በሽታ

ውድ እህቴ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ ያለ እሱ ስለማይጀመር ነው። ከዚያ በላይ ትርጉም አትስጪው።

አክስታችን መልእክትሽን አድርሳልኛለች። ባልሽ ሳልሽን መስማት እንደሰለቸው፣ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ጠርጎ እንደሰጠሽ፣ አንቺም እኔ ዘንድ መጥተሽ መኖር እንደፈለግሽ ነገረችኝ። «ደውይላትና አጽናኛት እንጂ! ከአንድ ማህፀን አይደል የወጣችሁት?» አለችኝ። የስልክ ድምፅ እንደማልሰማ ዘንግታው ነው። አንቺ ግን ስለምታውቂ እጽፍልሻለሁ።

ልጆች ሳለን አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። በሽታችንም አንድ ነበር፤ እናትና አባታችን መሸከማቸውን ሳያውቁ ከሁለቱም ወርሰነው ተወለድን። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚለው ስም ለእማዬ አፍ አልመች ብሎ፣ ሳንባችን ውስጥ በሚጣበቀው ወፍራም አክታ «ያ ሙጫ» ነበር የምትለው። የሰው ልጅ ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ሲታጠብ እኛ ትራስ ላይ ተደፍተን አክታው እንዲላቀቅ እማዬ ጀርባችንን በመዳፏ ትደበድበናለች። አንቺ «ከበሮ መቺዋ መጣች!» ስትይ እኔ እስቃለሁ፤ ስስቅ ሳል ይይዘኛል፤ ሳሉ ሙጫውን ይዞት ይወጣል። እማዬም «ከእኔ እጅ የዚች ፌንጣ ቀልድ ይሻልሻል» ትለኝ ነበር። እወድሽ ነበር። ይህን የማነሳው አንጀትሽን ለመብላት አይደለም፤ ምን እንዳጠፋሽ በቅጡ እንድታውቂው ብዬ ነው።

መነጽር ቤት ተቀጥሬ ሌንስ መሞረድ በጀመርኩ ሰሞን ትኩሳቱ መጣ። ልብሴ ሰፋኝ፤ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። አክታዬ ሲመረመር ማይኮባክቴሪየም የሚባል ተህዋሲ ተገኘበት። ዶክተሩ ያለውን አብረን ሰምተናል። «የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ ነው፤ ግን እንደ እሱ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ አይሄድም። ውሃ ውስጥም አፈር ውስጥም አለ። ጤነኛ ሰው ቢስበው ምንም አይለው ይሆናል፤ እንደ እናንተ ያለ ሳንባ ግን ይመቸዋል። ለጥንቃቄ ሁለታችሁ አንድ ክፍል ውስጥ አትሁኑ።»

ማንም ሳይነግረኝ አልጋዬን ወደ ዕቃ ቤቱ አወጣሁ። አንቺ በመስኮቱ መስታወት ላይ አፍንጫሽን አጣብቀሽ ታወሪኝ ነበር። እኔ ኪኒኑን ውጬ አስመልስ ነበር፤ አስመልሼ ደግሞ እውጥ ነበር። ቆዳዬ ጠቆረ። በደም ሥሬ የሚሰጠኝ መድኃኒት መጀመሪያ ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት አመጣ፤ ቀጥሎ የመስማት አቅሜን ቀስ እያለ ወሰደው። የመሞረጃው ማሽን መቆሙን በጣቴ ነክቼ ካልሆነ ማወቅ አቃተኝ። አንቺ መስታወቱን አንኳኩተሽ ዘወር ሳልል ስቀር «ኮራሽብኝ እንዴ?» ብለሽ ትስቂ እንደነበር ኋላ እማዬ ናት የነገረችኝ።

ከዚያ አንቺም አተኮሰሽ። ያው ተህዋሲ ተባለ። እማዬ በሬ ላይ መጥታ ቆመች። ጆሮዬ ቢደክምም ያንን ቃል ከአፏ አነበብኩት።

«በላሻት! ልጄን በላሻት!»

«እማዬ፣ ክፍሏን ረግጬ አላውቅም።»

«ታዲያ ከሰማይ ወረደባት?»

በመስኮቱ አየሁሽ። አልጋሽ ላይ ቁጭ ብለሽ እያየሽን ነበር። ዝም አልሽ። ሕመሙ አድክሟት ነው ብዬ አዘንኩልሽ።

ከዚያ በኋላ እማዬ ምግቤን ደፍ ላይ አስቀምጣ ፊቷን ሳታዞር ትመለስ ነበር። እንደ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ያየችኝ ያን ቀን ነው። ልቧ ደክሞ ሆስፒታል ስትገባ አፌንና አፍንጫዬን ሸፍኜ ሄድኩ። አክስታችን በሩ ላይ ያዘችኝ። «አትግባብኝ ብላለች። የቀረችኝን ልጅ ትጨርስብኛለች ብላለች» አለችኝ፤ እንድሰማት ብላ ጮክ ስትል ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። አንቺ ውስጥ ነበርሽ፤ እጇን ይዘሽ። ስትቀበር ከሰው ኋላ ቆሜ የሰው ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይ ነበር እንጂ ለእናቴ ምን እንደተባለላት አልሰማሁም።

ዶክተሩ ዘንድ ለክትትል የሄድኩት ከቀብሩ በኋላ ነው። እንደ ቀልድ «መቼም ከእኔ ይዟት እንዲህ መሆኗ...» ብዬ ጀመርኩ። ሰውየው ደነገጠ።

«ከአንቺ ነው ያለሽ ማነው?»

አፉን እያየሁ እንዲደግምልኝ ለመንኩት። ደገመው። የሁለታችንን ተህዋሲ አወዳድረውት ኖሯል፤ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ የተለያዩ ናቸው፤ የአንቺ ከእኔ አልመጣም። «ለእሷ ያኔውኑ፣ እናታችሁ ሳይታመሙ ነግሬያታለሁ እኮ! ነግራሻለች ብዬ ነው» አለና በመናገሩ መጸጸቱን ፊቱ ላይ አየሁት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አንቺ መጣሁ። የእንፋሎት ማሽኑን አፍሽ ላይ ይዘሽ ተቀምጠሽ ነበር። ስጠይቅሽ ማሽኑን አጠፋሽው። አልካድሽም። ለዚህ እንኳ አመሰግንሻለሁ።

«አንቺ በታመምሽ ጊዜ እማዬ አንቺን ብቻ ነበር የምታየው» አልሽኝ። «ተራዬ ሲደርስ መጥታ አቀፈችኝ። ብነግራት ወደ አንቺ ትመለሳለች ብዬ ፈራሁ። እኔ ደግሞ የምሞት መስሎኝ ነበር... ለትንሽ ጊዜ ነው ብዬ ነው።»

«አንቺ ሳትሞቺ ቀረሽ፤ እሷ ሞተች» አልኩሽ።

አለቀስሽ። ሳል ያዘሽ። ጀርባሽን ልመታልሽ እጄ ተነሳ። መለስኩት። ዘግቼልሽ ወጣሁ።

አሁን የእኔ አክታ በተደጋጋሚ ተመርምሮ ንጹህ ሆኗል፤ መድኃኒቱን አቁሜያለሁ። የአንቺ ግን አልጠፋ ማለቱን ሰምቻለሁ። ዶክተሩ ከአንቺ ጋር አንድ ቤት እንዳልኖር መክሮኛል፤ የመተላለፉ ዕድል ትንሽም ቢሆን ዕድል ነው ይላል። ለአክስታችን ይህንን ንገሪያት፤ ሰው ፊት የሚያምር ምክንያት ነው። ለአንቺ ግን እውነቱን ልስጥሽ፦ ዶክተሩ ሺህ ጊዜ ቢፈቅድ በሬን አልከፍትልሽም። ባልሽ ለሰጠሽ የጓሮ ክፍል ቁልፉን ተቀበዪው። የብቻ ክፍል አይገድልም፤ አይቻለሁ።

ከእኔ የምታገኚው የሚከተለውን ብቻ ነው። ኪኒኑን በባዶ ሆድሽ አትዋጪ። የጨው እንፋሎቱን አታስታጉዪ፤ የማሽኑን የመድኃኒት ኩባያ በተጠቀምሽ ቁጥር ቀቅይው። መርፌው ከተጀመረልሽ ጆሮሽን ቶሎ ቶሎ አስመርምሪ፤ ትንሽ ፉጨት ከሰማሽ ዝም እንዳትዪ፣ ያኔውኑ ተናገሪ። ይህን የምነግርሽ አዝኜልሽ አይደለም። በሽታውን ጠላቴ ስላደረግኩት፣ በአንቺም ላይ ቢሆን ሲያሸንፍ ማየት አልፈልግም።

አክስታችን ስትወጣ በሩን ይዛ «ብትሞትስ? አይቆጭሽም?» አለችኝ።

ይቆጨኛል። ቁጭቱን ይዤ መኖር ግን ለምጃለሁ።

በደም ብቻ እህትሽ