ስም ያልተጠራበት ጸሎት

ለውድ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? እንዴት ከርመሻል? ያ እንቅልፍ የሚነሳሽ ወገብሽስ ተሻለሽ? እማዬስ እንዴት ናት፣ አሁንም መነጽሯን ራሷ ላይ ሰክታ ቤቱን ሙሉ ስትፈልገው ትውላለች? ባለቤትሽስ ሥራው፣ ልጆቹስ ትምህርታቸው እንዴት ይዟቸዋል? እኔን ስለ ጤናዬ ብትጠይቂኝ፣ እያደር ከሚመጣና ከሚሄድ ጉንፋን በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። እስከዚህ ድረስ ጮክ ብለሽ ለእማዬ አንብቢላት። ከዚህ በታች ያለውን ግን እሷ ስትተኛ ለብቻሽ አንብቢው።

በስልክ ያልነገርኩሽ አንቺ ስለምትቆጪ፣ እኔም ስለማለቅስ፣ ነገሩ ራሱ ሳይነገር ስለሚቀር ነው። ወረቀት ላይ ሲሆን ቢያንስ አታቋርጪኝም።

እታለም፣ ተከድቻለሁ። የከዳኝ ደግሞ ጠላት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቀለም አልጨርስም ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። የምናገለግልበት አዳራሽ ቀድሞ ጎሚስታ ቤት ነበር። ግድግዳው ቀለም ቢቀባም፣ ወለሉ ቢታጠብም፣ ሙቀት በሆነ ቁጥር የጎማው ሽታ ተመልሶ ይመጣል። በአንድ በኩል ጎረቤታችን መጠጥ ቤት ነው። ከባለቤቱ ጋር ተስማምተናል፤ ስብከት ሲጀመር እሱ ሙዚቃውን ይቀንሳል፣ እኛም ኳስ ያለ ቀን ዝማሬውን እናሳጥራለን። አንድ ጡረተኛ ሾፌር አሉን፣ ገና ስብከቱ ሳይጀመር ይተኛሉ፣ ግን በእንቅልፋቸው አሜን ይላሉ፤ ቦታውን ስተውት አያውቁም። እንዲህ እንዲህ እያልን ስቀን የምንውልበት ቤት ነው፤ ነበር ልበል።

የእኔ ሥራ መድረክ ላይ ሳይሆን ደረጃ ላይ ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ረጅም ሕንፃ አሳንሰሩ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ስለዚህ ሕመምተኛውንም ሐዘንተኛውንም በእግሬ እየወጣሁ ነው የምጠይቀው። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አንዲት አሮጊት አሉ፣ ፀጉራቸውን የማጥባቸው እኔ ነኝ። ሳሙና ዓይናቸው ሲገባ ይሰድቡኛል፣ ፎጣውን ስጠቀልልላቸው ይመርቁኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናቱን ሰብስቤ አስተምራለሁ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያልተከፈተልኝ በር አልነበረም። ጥሩ ሰባኪ ስለሆንኩ እንዳይመስልሽ፣ አንዱ ቤት የሰማሁትን ሌላው ቤት ስለማልደግም ነው። ሌላ ምንም ሀብት የለኝም።

አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ ያወቅኋት ለመድረኩ መጋረጃ ላሰፋ ስሄድ ነው። በዚያው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ክሩን መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ልታስገባ ብትሞክር ብትሞክር እምቢ አላት፤ አንድ ዓይኗ አብጦ ነበር። በር መታኝ አለች። እኔም ክሩን አስገባሁላትና እሷም የስፌት መኪናዋን ትረግጥ ጀመር። መጋረጃው ካለቀም በኋላ እየሄድኩ ክር አስገባላት ነበር። እየዋለ እያደረ በሩ ማን እንደሆነ ራሷ ነገረችኝ።

ባሏ በያጅ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ እጁ የማይሰስት ነው። ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። የሱ እናት የእኛ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናቸው፤ ከመድረኩ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከዓምዱ ሥር ይቀመጣሉ። ልብስ ሰፊዋ ግን አዳራሹን ረግጣው አታውቅም። አንድ ቀን ነይ ብላት፣ «አማቴ አጠገብ ተቀምጬ ማንን ብዬ ላልቅስ?» አለችኝ።

በኋላ ቆረጠች። በያጁ ከከተማ ውጭ የፋብሪካ በር ሊገጥም በሚሄድበት ሐሙስ ልጆቿንና መኪናዋን ይዛ ልትወጣ ወሰነች። የቸገራት፣ አጎቷ መጥቶ እስኪወስዳት፣ የምታርፍበት ቦታ ብቻ ነበር። እኔም ከአዳራሹ በላይ ያለችው፣ ትርፍ ወንበር የምናከማችባት ክፍል ትዝ አለችኝ። ቁልፏ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ጋ ነው። ለሳቸው ልንገራቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «አንቺ ካመንሻቸው» አለችኝ።

አመንኳቸው እንጂ! ታውቂያለሽ፣ በዚህ ከተማ ማንም ሰው ስሜን በማያውቅበት ጊዜ አባት የሆኑኝ እሳቸው ናቸው። የታመመ ሰው ቤት ስትገቢ መጀመሪያ መስኮት ክፈቺ፣ ጸሎቱ ይደርሳል ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቢሯቸው ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንባቸው መጣ። እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ «ልጄ፣ ይህ ነገር ከዚህች ክፍል አይወጣም» አሉኝ። ቁልፉንም ሰጡኝ። እየዘለልኩ ነው ደረጃውን የወጣሁት።

አሁን የቤታችንን ልማድ ልንገርሽ። እሑድ እሑድ፣ ከዝማሬው በኋላ የጸሎት ርዕስ የሚባል ሰዓት አለ። የታመመ፣ ሥራ ያጣ፣ ትዳሩ የታወከ ሰው ሁሉ ለመጋቢው ሹክ ይላል፤ እሳቸው ስም ሳይጠሩ «አንድ ወንድም»፣ «አንዲት እህት» እያሉ ይጸልያሉ። ሁላችንም አንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ስለሆንን አንዲት እህት ማን እንደሆነች እናውቃለን፤ እንዳላወቅን ሆነን አሜን እንላለን። መጋቢው ደግሞ ዓይናቸውን አንዴ ከጨፈኑ ጸሎታቸው ፍሬን የለውም።

የዚያን እሑድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጌታ ሆይ፣ በባሏ እጅ የምትደቆስ አንዲት እህት አለችህ። ሐሙስ ሕፃናቷን ይዛ ከጥላህ ሥር ልትጠለል ትመጣለች። መንገዷን አቅና፣ የስፌት መኪናዋን የሚሸከምላት ሰው አዘጋጅ» አሉ። አዳራሹ በለቅሶ ተሞላ። ስም አልጠሩም። ግን በዚያ ሕንፃ ውስጥ የስፌት መኪና ያላት ሴት አንድ ብቻ ናት። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም ብያለሁ እታለም፤ ጆሮዬ የሰማውን ልቤ ሳይደርስበት አፌ ቀደመኝ። ከዚያ ክው ብዬ ዓይኔን ብገልጥ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አማቷ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ነበሩ። ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም።

የሆነው ሁሉ የሆነው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። በያጁ የስፌት መኪናውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲወርድ ሰፈሩ በሙሉ አየው። የብረት ሱቁ ውስጥ አስገብቶ ቆለፈበት። ቤቱ ውስጥ ያደረገውን አልጽፍልሽም። የፋብሪካውን ሥራ ሰርዞ፣ ሲወጣ በሩን ከውጭ ይቆልፍባት ጀመር። ሮጬ ወጥቼ በሩን አንኳኳሁ። ከውስጥ ሆና፣ «ለአንቺ ብቻ ነበር የነገርኩሽ» አለችኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

መጋቢው ዘንድ ስገባ ሰላምታ እንኳ አልሰጠሁም፤ ስቆጣ ታውቂኝ የለ። ምን አደረጉ ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ግን ረጋ ብለው፣ «እኔ የተናገርኩት ለእግዚአብሔር ነው እንጂ ለሰው አይደለም፤ ስምም አልጠራሁም» አሉኝ። እሱ እኮ ቀድሞ ያውቃል፣ ድምፅ ማጉያ አያስፈልገውም አልኳቸው። ተቀየሙኝ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እንኳ አፍ አመለጣቸው፣ መንፈስ ወሰዳቸው እያልኩ ልቤን አባብለው ነበር። የገደለኝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር ሽማግሌዎቹ ሰበሰቡን። አንዱ፣ ይህ ምስጢር እንዴት የጸሎት ርዕስ ሆነ ብለው ጠየቁ። መጋቢው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና፣ «ይጸለይላት ብላ ያመጣችልኝ ይህቺው ልጄ ናት» አሉ። ይህን ሲሉ እኔን አላዩኝም፤ የሚያዩት መጋረጃውን ነበር። እሷ የሰፋችውን መጋረጃ፣ እታለም! እኔም አይደለም አልኩ፤ አልኩ፣ ደጋግሜ አልኩ። ሽማግሌዎቹም ነገሩ በፍቅር ይለቅ፣ የአባትን ቃል መጋፋት ደግ አይደለም ብለው ዘጉት። ከዚያ ወጥቼ ቤቴ እስክደርስ የረገጥኩትን አላውቅም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደረጃውን ወጣ። አሁን ሳንኳኳ በሩ ይከፈትልኛል፣ አፍ ግን አይከፈትልኝም። ፀጉራቸውን የማጥባቸው አሮጊት እንኳ ስለ ዝናብና ስለ ብርድ ብቻ ነው የሚያወሩኝ። ሳሙና ዓይናቸው ሲገባ አይሰድቡኝም፤ ስድባቸው ይናፍቅሻል ብትይኝ አላምንም ነበር። ቅዳሜም ግማሾቹ ሕፃናት ቀሩ።

እኔም በበኩሌ አማትየዋን ጥርሴን ነክሼባቸው ነበር። ለልጃቸው ያደረሱት እሳቸው ናቸው ብዬ እርግጠኛ ስለነበርኩ ሰላምታ ነሳኋቸው፣ በመንገድ ሳያቸው ጥግ ቀየርኩ። ኋላ ነው ወንበር ከሚደረድሩት ምእመናን አንዱ፣ ባልና ሚስቱን ላስታርቅ ብዬ ለበያጁ ነገርኩት ብሎ፣ ደስ ብሎት፣ ምስጋና እየጠበቀ ያወራልኝ።

አማትየዋ ግን በዚያው ሰሞን ሕፃናቱን ልይ ብለው ልጃቸውን አስከፍተው ገብተዋል። ሲወጡ የበሩን ትርፍ ቁልፍ ትራሷ ሥር ትተውላታል። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ጎኔን ወጋኝ፣ ሞትኩ፣ ድረሱልኝ ብለው ሰፈሩን አቀለጡት። ልጃቸው እናቱን አዝሎ ክሊኒክ ወሰደ። ወረፋ ጠብቀው ተመረመሩ፤ ምንም የለብዎትም ሲባሉ ደሜንም እዩልኝ አሉ፣ ደማቸው ታይቶ ሲያልቅ ደግሞ ጥርሴን አሉ። እኚያ እግራቸውን ጠጠር ሲመታቸው እንኳ አመመኝ ብለው የማያውቁት ሴትዮ! እናትና ልጅ ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ነበር። የስፌት መኪናው ብቻ እስከ ዛሬ ብረት ሱቁ ውስጥ እንደተቆለፈ ነው።

ያለፈው እሑድ አማትየዋ የለመዱትን ቦታ ትተው በሩ አጠገብ ተቀምጠው አየኋቸው። የጸሎት ርዕስ ሰዓት ሲደርስ ተነሥተው ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁና ደጅ ላይ እግራቸው ሥር ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ወንድ ልጅ ወልጃለሁ፣ ዱላውን ግን እኔ አልወለድኩትም» አሉኝ። ስለ ቁልፉም ስለ ክሊኒኩም የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው፤ በያጁም አሁን ሁሉንም ስላወቀ ከእናቱ ጋር አይነጋገርም። ሳቅን፤ እኔ እያለቀስኩ ነው የሳቅሁት። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ የት እንዳለች እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። አንዴ ብቻ ፊቷን ልይ፣ አንድ ጊዜ ይቅርታ ልበላት አልኩ። ጉንጬን ዳሰስ አደረጉኝ። «አትጠይቂኝ ልጄ። አንቺ ክፉ አይደለሽም፤ ሰው ግን ታምኛለሽ» አሉኝና መንገዳቸውን ሄዱ።

መጋቢውን ይቅር በያቸው እንደምትይኝ አውቃለሁ። አልቻልኩም። በየእሑዱ በር ላይ ቆመው እጄን ሲጨብጡኝ፣ ያ በሁለት እጅ የጨበጡኝ ቀን ትዝ ይለኛል። ደረጃውን ግን አሁንም እወጣለሁ። ስለ ዝናቡ እናወራለን፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ ፀጉር አጥባለሁ። እስኪሰድቡኝ እጠብቃለሁ።

ልብ ካልሽ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እኔም የማንንም ስም አልጠራሁም። ግን ሁሉንም አወቅሻቸው አይደል? ስለዚህ አደራሽን፣ አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው። እማዬ ስለ ምን ልጸልይላት ብላ ከጠየቀችሽ፣ ስለ ጉልበቷ በያት፤ ደረጃው ይበዛል። አንቺ ራስሽ ስትጸልይልኝ ደግሞ፣ እባክሽ እታለሜ፣ ድምፅ አታውጪ።

ከዚህ በታች ያለውን ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

እማዬ፣ ጉልበትሽን እስማለሁ፤ መነጽርሽን ራስሽ ላይ ፈልጊው። የእህቴ ባል ሆይ፣ ሚስትህ ከባድ ዕቃ እንዳታነሳ ተቆጣት፤ እኔን አትሰማኝም። ትልቋ ልጅ በርቺ፣ የእጅ ጽሑፍሽ ከእናትሽ ይሻላል። ትንሹ ደግሞ አክስቴ መቼ ትመጣለች እያልክ ሰው አታስቸግር፣ እመጣለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሥራዬም ደህና ነው፤ የሰፈሩ ሰው ይወደኛል፣ በሩን ሁሉ ይከፍትልኛል።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከአዳራሹ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ