ከአንድ አልፎ የማያውቀው ማዞሪያ

ውድ አባዬ፣

በስልክ ብነግርህ «ገንዘብሽን አታባክኚ» ብለህ እንደምትዘጋብኝ ስለማውቅ ነው የጻፍኩልህ። ወረቀት አይዘጋም። እማዬ መነጽርህን ታቀብልህና አርፈህ አንብብ።

ዛሬ አንድ የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየር፣ ስፈትሽ ዋልኩ። ለማን እንደሆነ ገብቶሃል። ሰባ ዓመትህን ልትደፍን ነው፤ አክስቶቼ እንደ አገራችን ወግ ሐምራዊ ትራስ ያመጡልሃል። እኔ ግን ትራስ ላይ ተቀምጠህ እንድታረጅ አልፈልግም። ባለፈው መከር ጊታርህን ከጎተራ አውጥተህ ስትወለውለው አይቼሃለሁ። «ጣቶቼ አሁን የመኮትኮቻ ናቸው» አልከኝ፤ አላመንኩህም። ፀባይህንም አውቀዋለሁ። ያመጣሁልህ ዕቃ ደካማ ከሆነ «ተባረኪ ልጄ» ብለህ ጎተራ ትከተዋለህ፣ ጊታሩም አብሮት ይቀበራል። ከዚያ በኋላ ስትጫወት የምሰማህ በሕልሜ ብቻ ነው።

ያ የኖርንበት አራተኛ ፎቅ ትዝ ይልሃል? እኔ ስወለድ አምፕሊፋየርህን የሸጥከው ግድግዳው ስስ ስለነበር መሆኑን እማዬ ነግራኛለች። ከዚያ ወዲህ ኤሌክትሪክ ጊታርህን ምንም ሳትሰካ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበህ ነበር የምትጫወተው። ያም ሆኖ ከታች ወይዘሮ ቶቢታ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን ይደበድቡልን ነበር። እኔ ሙዚቃህን የማውቀው ብርድ ልብሱ ሥር ገብቼ፣ ጆሮዬን የጊታሩ እንጨት ላይ ለጥፌ ነው። ድምፁ ከትንኝ አይበልጥም ነበር።

አምፕሊፋየሩን ያገኘሁት ካዋጎኤ ከተማ፣ ጋሽ ሚዞጉቺ የሚባሉ ሽማግሌ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡበት ቤት ነው። አሮጌ መሳይ ነው እንጂ አሮጌ አይደለም። ቢጫ ጨርቅ አልብሰውታል፣ እጀታው ቆዳ ነው፣ ማዞሪያዎቹ የዶሮ ምንቃር ይመስላሉ። የአያቷን ቀሚስ የለበሰች ኮረዳ በለው። አትሳቅ፤ አንተ እንዳስተማርከኝ ከፊቱ ሳይሆን ከጀርባው ነው የጀመርኩት።

ብሎኖቹ አልተቧጨሩም፤ ማንም ከፍቶ አልነካካውም። አሸተትኩት፤ አቧራ እንጂ የተቃጠለ ነገር አይሸትም። ጊታር ሳልሰካ አብርቼ ጆሮዬን ሰጠሁት፤ ቀጭን እምም የሚል ድምፅ ብቻ። ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ ሳዞራቸው አልተንኮሻኮሹም። ከዚያ ከምሳ ዕቃዬ የመመገቢያ እንጨቴን አወጣሁና ውስጥ ያሉትን የመስታወት አምፖሎች በቀስታ መታ መታ አደረግኳቸው። የታመመ አምፖል ሲነካ እንደ ደወል ይጮኻል ብለኸኝ አልነበር? አንዱም አልጮኸም።

ጋሽ ሚዞጉቺ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ልጄ፣ ምሳሽን ልታጎርሺው ነው?»

«ከበላማ ጤነኛ ነው» አልኳቸው።

«በይ እንግዲህ ያንን የቤቱን ጊታር ስኪው። ግን አደራሽን፣ ዝግ አድርጊው። ፎቁ ላይ የጥርስ ሐኪም አለ።»

የድምፁን ማዞሪያ ቁጥር አንድ ላይ አደረግኩና ጊታሩን መታሁት። አባዬ፣ ወሽመጤ ነው የተቆረጠው። አፉን በመዳፉ ሸፍኖ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ጊታሩን ልመልስ ስነሳ ጋሽ ሚዞጉቺ ማሞገሳቸውን ቀጠሉ።

«የድሮ ባለቤቱ እንዴት ያለ ጨዋ መሰለሽ! አፓርታማ ስለሚኖር ከአንድ አሳልፎት አያውቅም። አዲስ በይው።»

«ታዲያ ለምን ሳይሸጥ ቆየ?»

«እኔንጃ። የመጣው ሁሉ ይሞክረውና ‹የታፈነ ነው› ብሎ ይሄዳል።»

«ስንት ላይ አድርገው ነው የሚሞክሩት?»

«አንድ ላይ ነዋ! የጥርስ ሐኪም አለ እያልኩሽ!»

እዚህ ላይ ነው የነቃሁት። ባለቤቱ፣ ሻጩ፣ ገዢዎቹ፣ እኔም ጭምር ጎረቤት እንዳይቀየመን ስንሽቆጠቆጥ፣ ይህን አምፕሊፋየር ከተሠራ ጀምሮ ማንም ሰምቶት አያውቅም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ከጥጉ ሱቅ የሩዝ ብስኩት ገዝቼ ፎቅ ወጣሁና ለአፍታ ድምፁን ከፍ እንዳደርግ እጅ ነስቼ ለመንኩ። ሐኪሙ ዶክተር ኢሶቤ ይባላሉ። ጭንብላቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ተከትለውኝ ወረዱ።

«እኔ በመሰርሰሪያዬ ድምፅ ጋሽ ሚዞጉቺን አስቸገርኩ እያልኩ ስንት ዓመት አፈርኩ» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ ይበቀሉኝ እንጂ። በሽተኛ የለኝም፣ ልቀቂው።»

ስድስት ላይ አደረግኩት።

አባዬ፣ ምን ብዬ ልንገርህ! ደረቴን ገፋኝ። የታፈነው አፍ ተከፈተ፤ ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ሻከር የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው። ወዲያው ደግሞ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። ስፒከሩ ተቀዷል ብዬ ልቤ ስንጥቅ አለ። ዶክተር ኢሶቤ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፣ ሄዱና የሻይ ቆርቆሮዎች የተደረደሩበትን መደርደሪያ በመዳፋቸው ተጫኑት። ዝም አለ።

«የሚነቃነቀው መደርደሪያው ነው» አሉ። «የዚህኛው ጥርሱ ሙሉ ነው።»

ከዚያ ያንን ብርድ ልብስ ሥር የምትጫወተውን ዜማ ተጫወትኩ፤ ካስተማርከኝ ያልረሳሁት እሱን ብቻ ነው። እስከ ዛሬ እንጉርጉሮ ይመስለኝ ነበር። አንተ ሳዝን አባብለህ የምታስተኛኝ፣ አንተም ተክዘህ የምትጫወተው ዜማ። የጋሽ ሚዞጉቺ እግር መሬቱን መምታት ሲጀምር፣ ዶክተሩም ትከሻቸውን ሲያወዛውዙ ነው የገባኝ። ለካ የጭፈራ ነው! ያን ሁሉ ዓመት ስታስጨፍረኝ ኖረሃል፣ እኔ ደግሞ እንቅልፌን እለጥጥ ነበር። እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ገዛሁት። ቅዳሜ በመኪና ጭኜው እመጣለሁ። ከሩዝ ማሳህ ማዶ ላሉት ጎረቤትህ ለአቶ ኩማጋይ ደውዬ ለሚመጣው ጫጫታ አስቀድሜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። «ጆሮዬ ደክሟል፤ አባትሽ ከፍ ያድርገው በይልኝ» ብለውኛል።

እኔ ከስድስት ወደ አንድ መልሼዋለሁ። ከዚያ ማሳለፉ የአንተ ነው። እኔ እንደ ድሮው አጠገብህ እቀመጣለሁ፤ በዚህኛው ዙር ግን አልተኛም።

ብርድ ልብሱ ሥር የነበረችው ልጅህ፣
ሳናኤ