ግድግዳው ላይ ፊት የሌለው ልጅ

ወንድም ጋሼ፣ ሰማያዊውን ቀለም የት ነው ያስቀመጥከው? ከአልጋው ሥር ቀዩና ቢጫው አሉ፤ ነጩ ደርቋል፤ ሰማያዊው ግን የለም። ሐሰን ባጃጁ ጀርባ ላይ የሣልክለት ሰማይ ተላልጦበት፣ "ወንድምህ ያስተረፈው ቀለም ካለ አንተው ለቅልቅልኝ" ብሎኛል። ሰማይ ለመለቅለቅ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም ብሎ ያስባል። አንተ ብትሰማው ግማሽ ቀን ትሟገተው ነበር።

ከተለየኸን ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ማሾው ተሰብስቦ ገበያ ወጥቷል፤ በመስኖው ዳር ሽንኩርት እንደገና ተተክሏል፤ እማዬም ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ፍራሽህን የማጀቴዋ አክስታችን በአርባህ መጥታ ወሰደችው፤ አልጋው ግን ባዶውን እዚያው አለ፤ ደብተሮቼን እደረድርበታለሁ። ሙቀቱ ያው ነው። ከጣርማ በር የሚወርደው መንገደኛ አሁንም ሹራቡን እያወለቀ ነው ከተማችን የሚገባው።

የከተማውን ወሬ መስማት ትፈልግ ይሆናል። ጫት ቤቶቹ እንደገና ተዘጉ። በባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ታስሮ ማስቃም፣ ሺሻ ማጨስ፣ ማስጨስ ክልክል ነው እየተባለ ሲዞር ዋለ፤ በሮቹ ታሸጉ፤ ፍራሾቹም ተጭነው ሄዱ። ጫት የጫነው መኪና ግን በዋናው መንገድ ጡሩንባውን እየነፋ ያልፋል፤ ኬላው ላይ ቀረጡን ከፍሎ ሲሄድ የሚያስቆመው የለም። ባለፈው ጊዜ ሲዘጉ ያልከው ትዝ አለኝ፤ "ይኼ መመሪያ በምርቃና የወጣ ነው፤ ድብርቱ ሲመጣ ይረሱታል።" እውነትም ተረስቶ ነበር። የአሁኑ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ እናያለን።

ያኔ ግን ለአንተ ጥሩ የሥራ ወቅት ነበር። ከተማው ውስጥ ያለውን የጫት ቤት ሥዕል ሁሉ የሣልከው አንተ ነህ፤ አጥፋ ሲባልም የተጠራኸው አንተ ነህ። ማጥፋት አልወደድክም። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ቤት ግድግዳ ላይ የነበረውን የጫት እስር፣ ከሥሩ አፈርና ሁለት መዳፍ ጨምረህ ችግኝ አደረግኸው። "ችግኝ እንትከል" ብለህም ጻፍክበት። ተቆጣጣሪው አይቶ አመሰገነ። ባለቤቱም ደስ አለው፤ ደንበኞቹ በሩን አልሳቱትምና።

የባጃጆቹ ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። ሹፌሮቹ ሁሉ ያንን ፀጉሩ የተገመደ የውጭ አገር ዘፋኝ፣ ጭሱን ሽቅብ ሲተፋ፣ ጀርባቸው ላይ ካልሣልክልን ብለው ሰልፍ ይዘው ነበር። የሚያጨስ ሰው ሥዕል ይነሣ ሲባል ደግሞ ሊፋቅባቸው ነው ብለው ተጨነቁ። አንተ በእጁ የያዘውን አርዝመህ፣ ቀዳዳ አበጅተህለት ዋሽንት አደረግኸው፤ ጭሱንም ደመና። እስከ ካራቆሬ ድረስ ዋሽንት የሚነፋ ዘፋኝ ሞላ። ልጆች አሁንም "ባለ ዋሽንቱ መጣ!" እያሉ ይሮጣሉ። ባጃጁ ውስጥ የሚዘፈነው ግን አልተቀየረም፤ ምርቃናን እንደ ሙሽራ የሚያሞግሰው ዘፈን እየጮኸ ነው ባለ ዋሽንቱ የሚያልፈው።

ሼህ እንድሪስ ደህና ናቸው። ጎረቤት ሆነው ስላሳደጉን ለአንተ ማን እንደሆኑ አልነግርህም። ሐሙስ ሐሙስ ወዳጃ በሚሉት የዱአ ስብሰባቸው ላይ ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ይዘው ተሰብስበው፣ ለዝናቡም ለሰላሙም ለታመመውም ዱአ ሲያደርጉ አንተ በሩ ሥር ተቀምጠህ ታዳምጥ ነበር። "ያለ ዱአ የሚቅም ፍየል ነው" ሲሉህ፣ "ሼህዬ፣ እኔ እየሣልኩ ነው የምቅመው፤ ፍየል ሥዕል አይሥልም" አልካቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን፣ "ፍየልስ ሲመሽ ትተዋለች። አንተ መቼ ነው የምትተወው?" አሉህ። ጫማህን አድርገህ ወጣህ። በኋላ በፍልሰታ ተውኩ ብለህ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተኛህ፤ ስትነሣም የጻፍካቸው ፊደሎች ወደ አንድ ጎን ዘመሙ። ባለ ሥጋ ቤቱ "ጽሑፌን አሰከርክብኝ" ብሎ ሰሌዳውን መለሰልህ። በሳምንቱ ጉንጭህ እንደገና ሞላ፤ ፊደሎቹም ቀጥ ብለው ቆሙ። ደንበኞችህ ሁሉ ደስ አላቸው። እማዬ ብቻ ያልተነካ ምሳህን መልሳ ከደነች።

ስለዚህ ቲቸር ሰብለ የትምህርት ቤታችንን ግድግዳ ለአንተ ሲሰጡ መቃምህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የፀረ ሱስ ክበቡን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ ሥዕሉ ሁለት ልጆች ይሆናል ተባለ። በስተቀኝ መጽሐፍ የያዘ ደህና ልጅ፣ በስተግራ ሱስ የጣለው ልጅ፣ ከላይ በትልቁ "ከሱስ የጸዳ ትውልድ"። የሚቅም ሰው ነው ይሄን የሚሥለው ብሎ የጠየቀ ነበር፤ "ሌላ ሠዓሊ አምጡልኝ" አሉት። ሌላ ደግሞ አልነበረም።

እንግዶች ከዞን ስለሚመጡ ቶሎ አድርስ ተባልክ። ከንጋት ጀምረህ ግድግዳው ሥር የቆመው የእንጨት ርብራብ ላይ ትወጣለህ፤ ምሳ አትበላም፤ ውሃህንና ጫትህን ይዘህ እዚያው ትውላለህ። እኔ በክፍላችን መስኮት እግርህን አያለሁ። ጽሑፉን ጨረስክ፤ የቀኙን ልጅ ጨረስክ፤ የግራውን ከአንገት በታች ጨረስክ። ፀሐይዋ አናት ላይ በሆነች ሰዓት፣ የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ እግርህ ከመስኮቱ ጠፋ። ድምፁን ሁላችንም ሰማን።

መጀመሪያ የደረሰው ዘበኛው ነው። ሰው ሳይሰበሰብ፣ ለእማዬ ሳይነገር፣ በጣቱ ጉንጭህ ውስጥ የነበረውን አውጥቶ ኪሱ ከተተው። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም፤ እሱም አልተናገረም።

በለቅሶህ ላይ ሁሉም የየራሱን አለ። ጫት ነው የገደለው ያሉ አሉ። ሙቀትና ባዶ ሆድ ነው ያሉም አሉ። አናጢዎቹ ርብራቡን ነቅንቀው ሚስማሩን ወቀሱ። እማዬ ዓይን ነው አለች። ሼህ እንድሪስ ደግሞ የዚያን ሐሙስ ወዳጃውን አስቀሩት። "በእናቱ ደጅ ድንኳን ተተክሎ፣ እኔ ቤት ቅጠል አይበጠስም" ብለው ሽማግሌዎቹን መለሷቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ልነግርህ የፈለግሁት።

ቲቸር ሰብለ ቤት መጥተው እማዬን ፎቶህን ጠየቋት። ለግድግዳው ነው አሏት። በለቅሶው ደረቷ ላይ ይዛው የዋለችውን፣ የጥምቀቱን፣ ነጭ ለብሰህ የምትስቅበትን ሰጠቻቸው። ደስ ብሏት ነው የሰጠችው። ለጎረቤት ሁሉ፣ "ልጄ በሠራው ግድግዳ ላይ ሊሥሉት ነው" ብላ ተናገረች። መጽሐፍ የያዘው ልጅ ፊት እንዳለው አላየችም፤ ትምህርት ቤታችን ገብታ አታውቅም። ፊት የቀረው ለግራው መሆኑን ከቤት የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ክበቡ ሲሰበሰብ ሄድኩ። ናሆም፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ የሚያነበው፣ "ወይ የሱ ፎቶ ነው ወይ አጽም ነው፤ አጽም ደግሞ በየትምህርት ቤቱ ተሥሎ ተሰለቸ" ይላል። እኔ ወንድሜን አጽም ከምታደርጉት አጽሙን ወንድማችሁ አድርጉት አልኩ። ሳቁብኝ፤ ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም በደንብ አላወቅሁትም። ቲቸር አልሳቁም። "አጽም ማንንም አያስፈራም፤ ሰው የሚፈራው የሚያውቀው ሰው ሲጎዳ ነው። ወንድምህ አንድ ልጅ ቢያድን አትወድም?" አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲቀብሩህ ከእማዬ እኩል አልቅሰዋል። የተናገሩትም ውሸት አልነበረም።

ቤት ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርት የሸተተ እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አደረገችና "አሳየኝ" አለች። ዘበኛው ብድግ ብሎ በሩን ከፈተላት። ግድግዳው ሥር ቆማ ቀና አለች፤ መጀመሪያ ያየችው የቀኙን ልጅ ነው። "ይሄማ አንተ ነህ!" አለችኝ። "ጆሮህን የማላውቀው መስሎሃል?" በዚያ ግድግዳ ሥር በየቀኑ ሰልፍ እንወጣለን፤ መጽሐፍ የያዘው ልጅ እኔ መሆኔን ግን አንድም ሰው አላስተዋለም ነበር። እኔ ራሴም። ፀጉሬን አበጥረኸኝ ስለነበር ይሆናል።

ከዚያ ወደ ግራው ዞረች። የወለቀ ጫማ፣ የተንጠለጠለ ሸሚዝ፣ አንገት፤ ከአንገት በላይ ነጭ ግድግዳ። "ከጎንህ ማንን ሊያደርገው ነበር?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

ቲቸር መጥተው በቀስታ ሲያስረዷት እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ከዚያም እንዲህ አለች፦ "የኔ እመቤት፣ ልጄ መቃሙን እኔም አውቃለሁ፤ ስለሱ የምነግርዎ አጥቼ አይደለም። ይሄን ሁሉ የሠራው ግን እሱ ነው። እሱን እንዲህ አድርጎ ለመሣል የሚገባው ሰው ቢኖር ራሱ ነበር። እሱ ካልሣለው ሌላ አይሥለውም። ፎቶዬን ይስጡኝ።" ሰጧት።

ግድግዳው እንደዚያው ቀረ። እንግዶቹ መጡ፤ ከመካከላቸው አንዱ ማይክ ይዘው፣ "ሠዓሊው ጥልቅ መልእክት አስተላልፏል፤ ሱስ ፊት የለውም፤ ማንም ሊሆን ይችላል" አሉ። ተጨበጨበ። በሃይማኖት አባትነት ተጋብዘው የተቀመጡት ሼህ እንድሪስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ሱብሃነላህ፣ ሞትንም ጥበብ አደረጉት" አሉኝ። ብትኖር ስቀህ ትወድቅ ነበር ልል ነበር፤ ተውኩት።

ሰው አሁን በሁለት ተከፍሎ ነው የሚያስታውስህ። ለአንዱ ጫት የበላው ልጅ ነህ፤ ለሌላው ባለ ዋሽንቱን የሠራህ ጥበበኛ ነህ። እኔ ግን አልከፍልህም። ጉንጭህ ሞልቶ ቀጥ ያለ ፊደል ስትጽፍ አስታውስሃለሁ፤ ጉንጭህ ጎድሎ ከአልጋ መነሣት ሲያቅትህም አስታውስሃለሁ። በሰልፍ ሰዓት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ስቆም ሁለቱንም ልጆች አያለሁ። ሰማያዊውንም ባገኘው ባላገኘው የሐሰንን ሰማይ እለቀልቅለታለሁ፤ ቢያስጠላም ያስጠላ።

ከጎኔ ማንን ልታደርገው እንደነበር ለእማዬ አላውቅም ያልኳት እውነት አይደለም። ይህን ለአንተ ብቻ ነው የምጽፈው።

ሰልስትህ ካለቀ በኋላ ዘመዶች ወደ ማጀቴ ተሳፈሩ። በማግስቱ፣ እሑድ፣ እማዬ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ስነቃ ክፍላችን ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። አልጋህ ተነጥፏል። ትንሽ ተቀመጥኩና ብሩሾችህ ትዝ አሉኝ፤ ብሩሽ ሳይታጠብ አያድርም ትል ነበር። ትምህርት ቤት ሄድኩ። ርብራቡን የሚነካው ጠፍቶ እንደቆመ ነው። ዘበኛው አየኝ፤ አልከለከለኝም።

ብሩሾቹ ቆርቆሮው ውስጥ እንደ እንጨት ደርቀዋል። ከእነሱ አጠገብ፣ ምሰሶው ላይ፣ ከፀጉር ቤቱ የተዋስከው መስታወት በሽቦ ታስሯል፤ በአንተ ቁመት ልክ ስለሆነ እኔ ግንባሬን ብቻ ነው ያየሁበት። ለምን መስታወት እንዳወጣህ የገባኝ ወደ ግድግዳው ስዞር ነው። ሳንቃው ስለሚከልለው ከታች አይታይም እንጂ፣ ከግራው ልጅ አንገት በላይ ፊቱን በከሰል ጀምረኸው ነበር። ግንባሩ ያንተ ነው። ቅንድቡ ያንተ ነው። የቀኝ ጉንጩን ሳይቀር አሳብጠህ ሥለኸዋል።

አስከሬንህን ትልልቆቹ ሲያጥቡ ልጅ ነህ ተብዬ ከውጪ ነበርኩ።

ወርጄ የቀለም መጥረጊያህን ጨርቅ ቧንቧው ላይ ነከርኩ፤ ተመልሼ ወጣሁ። መጀመሪያ ጉንጭህን፣ ከዚያ ቅንድብህን፣ ከዚያ ግንባርህን አጠብኩ። ከሰል ቶሎ ይለቃል። ሲያልቅ መስታወቱን ፈታሁና ይዤው ወረድኩ፤ ፀጉር ቤቱ ገና አልተከፈተም ነበር፤ መስታወቱን ጭኔ ላይ ደፍቼ እስኪከፈት በሩ ላይ ተቀመጥኩ።