ሩቡን ለክተህ ሙሉውን ፈረምክ

ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ዶክተር ኢዮብ፣

«ምስሉ ጥርት ያለ ነው። የሚያሳስብ ነገር አልታየም። የታካሚዋ የዓይን ቅሬታ ከጭንቀት የመጣ ሊሆን ይችላል።»

ይህን የጻፍከው አንተ ነህ። ቃል በቃል የገለበጥኩት «እንዲህ አላልኩም» እንዳትለኝ ነው። «ውድ» ያልኩህም ለወግ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ከልቤ የኮራሁባቸው ተማሪዎች ጥቂት ናቸው፤ አንዱ አንተ ነበርክ።

የባለቤቴ የሙሚና ግራ ዓይን መደብዘዝ የጀመረው ጥር ላይ ነው። ያወቅኩት በማሾ ነው። እሷ የለቀመችው ማሾ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ አያውቅም። አንድ ቀን ጠጠር ነክሼ ደብቄ አወጣሁት። «ጥርስህ ተረፈ?» አለችኝ ሳቅ ብላ። እሷም ታውቅ ነበር።

የካቲት 18 ቀን አቀበቱን ወጥተን፣ ደብረ ሲናን አልፈን የምርመራ ማእከላችሁ መጣን። ረመዳን ነበር። ለሕመምተኛ ተፈቅዷል ብላት «የታመመው ዓይኔ እንጂ ሆዴ አይደለም» ብላ ጾማለች። ኮሪደሩ ከንጋት ጀምሮ በሚጠብቅ ሰው ተሞልቷል።

«ጋሼ ሰዲቅንማ ወረፋ አላስጠብቅም!» አልክ። «እትዬ ሙሚና ለማፍጠሪያ ቤታቸው መድረስ አለባቸው። የአርባ ደቂቃውን ኤምአርአይ በስምንት ደቂቃ እንጨርሰዋለን።»

«ስምንት ደቂቃማ ትንፋሼን ይዤም እችላለሁ» አለችህ።

ሳቅን። ቅጹ ላይ «ፈጣን» የሚለውን መርጬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ምን እንደሚቀነስ አልጠየቅኩም። ተማሪ በጥያቄ የማስጨንቅ ሰው፣ አክብሮትህ ደስ ስላሰኘኝ አፌን ዘጋሁ። ይህን ጥፋት በአንተ ላይ አላላክክም።

ከሪፖርቱ ግርጌ ስለ «ፈጣን» ምርመራ የምትናገረውን ደቃቅ ጽሑፍ ያነበብኩት ቤት ከገባን በኋላ ነው። ደወልኩልህ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ የሚለካው ሩቡን ያህል ነው፤ የቀረውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሞላዋል። በብዙ ሺህ ምስል የሠለጠነ ነው። ከሙሉው ይበልጥ ያምራል እኮ!»

ያምራል። የብዙ ሺህ እንግዳ ሰው ጭንቅላት አይቶ የሙሚና ምን መምሰል እንዳለበት ገመተ። ቴክኖሎጂውን አልጠላም፤ ልኩን አውቆ፣ አመሳክሮ ለሚሠራበት ሰው ሕይወት ያድናል። የምጠላው የተገመተውን እንደተለካ ቆጥረህ መፈረምህን ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለህ፣ የፔንዱለሙ ክር ሰባተኛው ልኬት ላይ ተበጠሰብህ። ጓደኞችህ ቁጥር ፈጥረው ሞሉ። አንተ ቦታውን ባዶ ተውከውና «ጋሼ፣ አልለካሁትም» አልከኝ። ከአሥር አሥር ሰጠሁህ። «ባዶ ለተወ አሥር!» ብለው ክፍሉን በሳቅ አፈረሱት። ያ ልጅ ምን ነካው?

አሁን ቀኝ ዓይኗም ጀምሯል። አዲስ አበባ ያየቻት የዓይን ሐኪም እንዲህ አለችን፦ «ነርቩ አብጧል። የሚጫነው ነገር ያለ ይመስለኛል። ግን ሪፖርቱ ምንም የለም ይላል። የፈረመው ሐኪም ካልሰረዘው፣ ለሙሉ ምርመራ ከአስቸኳዮቹ ጋር ላስገባት አልችልም።» ተራው ወረፋ ነሐሴ ላይ ነው። ዓይን ነሐሴን አይጠብቅም። አራት ጊዜ ደወልኩልህ፤ አራት ጊዜ «ማእከሉን ላነጋግር» አልከኝ።

ዛሬ ጠዋት ሙሚና ቁርአኗን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ይዛ አየኋት። ገጹን ሳትገልጥ ብዙ ቆየች።

ይህን ደብዳቤ ትናንት ጽፌ ልልክልህ ነበር። ፋሲካ ስለነበር በዓልህን አላበላሽም ብዬ አሳደርኩት። ይኸው፣ ዛሬም ይሉኝታ ሚስቴን አንድ ቀን አስከፈላት። ከእንግዲህ አይደገምም።

ሪፖርቱ በሩብ ልኬት ላይ የቆመ መሆኑን ገልጸህ ሰርዘው። ከማሽኑ የወጣውን ጥሬ ልኬትም ላክልኝ፤ ከስልሳ ቀን በኋላ እንደሚጠፋ የነገርከኝ አንተ ነህ፤ ስልሳው ቀን ሚያዝያ 18 ይሞላል። መልስህን እስከ ሰኞ ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት፣ በጽሑፍና በፊርማህ እጠብቃለሁ። ስልክ አላነሳም።

ሰዲቅ አሊዪ
የታካሚዋ ባል